ሳነቴ ላይ የሚያድር ፋኖስ፦ ከመግዛትም ከመሥራትም በፊት ምኑን ከምኑ እንምረጥ?

ጠረጴዛዬ ስር አንድ ካርቶን አለ። ውስጡ አሥራ አንድ የሞቱ የካምፕ ፋኖሶች ተኝተዋል። ኤሌክትሮኒክስ ስለምነካካ ጓደኞቼ «እስቲ እያት» ብለው ሰጥተውኝ በዚያው የረሷቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ሁሉንም በካቻቢቴ ፈታሁና ኤልኢዲዎቹን ከየባትሪያቸው ነጥዬ ከሌላ የኃይል ምንጭ ጋር አገናኘኋቸው። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ቦግ አሉ።

አምስቱን የገደላቸው ባትሪው ነበር። ሦስቱን የቻርጅ መሰኪያው፣ ሁለቱን ማብሪያው። የአሥራ አንደኛው ነገር የተለየ ነው፤ ማንጠልጠያው ተሰብሮ ከድንኳን ምሰሶ ላይ ወደቀና ኤልኢዲው የተበየደበት ሰሌዳ ተሰነጠቀ። እሱም ቢሆን በማንጠልጠያው ጦስ ነው የሞተው።

ስለዚህ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር ለጊዜው ተዉት። መብራቱ ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ዙሪያውን ያለው ነው። እኔም ከዚህ በታች የምሄደው በካርቶኑ ቅደም ተከተል ነው፦ ባትሪ፣ ቻርጅ፣ ማብሪያ፣ አካል፣ ብርሃኑ መጨረሻ ላይ።

መጀመሪያ፣ ማንን እንጠይቅ?

ቅዳሜና እሁድ አብረን የምንወጣ ሃያ ያህል ሰዎች ነን። ለየብቻ ርካሽ ፋኖስ እየገዙ በየዓመቱ መጣል ሰለቸንና ገንዘብ አዋጣን። ሐሳባችን ወይ አንድ አስተማማኝ ሞዴል መርጠን በአንድ ላይ መግዛት፣ ወይ ክፍሎቹን አስመጥተን እኔ ቤት መገጣጠም ነበር። ከሁለቱም በፊት ግን አራት ዓይነት ናሙና ይዘን ባሌ ወጣን። ዲንሾ ላይ ፈረስ ጭነን፣ ከዚያ ወደ ሳነቴ አምባ።

የመጀመሪያው ስህተታችን «የትኛው ይሻላል?» ብለን መጠየቃችን ነው። ፈረስ የጫኑልን ሰዎችም ወጥ ሠሪያችንም፣ አስጎብኚው ወደ ኦሮምኛ እየተረጎመላቸው፣ ሁሉም ጥሩ ነው አሉን። እንግዳ የያዘውን ዕቃ ፊት ለፊት ማን ያጣጥላል? ይሉኝታ ባለበት ቤት «ወደዳችሁት?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከነገ ወዲያም ያው ነው።

በሁለተኛው ማታ መጠየቁን ትተን ማየት ጀመርን። ወጥ ሠሪው አራቱም ፊቱ ተደርድረው ሳለ በጣም ደማቁን አልፎ ሁለተኛውን አነሳ። ከፈረሰኞቹ አንዱ ማንጠልጠያውን እንዳለ ትቶ በእጀታው ውስጥ ገመድ አሾልኮ አሰረው፤ መንጠቆው ለገመድም ለምሰሶም እንደማይበቃ በቃል ቢነግሩን አይገባንም ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጥያቄያችንን ቀየርን፦ «ባለፈው ጊዜ መብራት ሲከዳችሁ ምን አደረጋችሁ?» አሁን ወሬው ፈሰሰ። ስልክ በጥርስ ነክሶ ፈረስ መጫን፣ ከዚያ ስልኩ ራሱ ባትሪ ጨርሶ ቤተሰብ ጋር መደወል ሲያቅት፣ የፕላስቲክ ፋኖስ ሆዱ ውስጥ ዝናብ ቋጥሮ ሲንቦጫረቅ።

ሌላ ያላሰብነውንም አየን። እኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝተናል። ወጥ ሠሪው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ውሃ ያፈላል፣ ፈረሰኞቹም በዚያው ሰዓት ይነሳሉ። ገንዘቡን ያዋጣነው እኛ ብንሆንም ፋኖሱን ከሁሉም በላይ የሚሠሩበት እነሱ ናቸው፣ ያውም በደነዘዘ ጣት። የራሳችሁን ምርጫ ስታደርጉም መጀመሪያ ይህን ለዩ፤ ፋኖሱ ረጅም ሰዓት የሚቆየው በማን እጅ ነው?

ባትሪ፦ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አጥፉ

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያደናግራል። ባትሪ የምንለው የእጅ መብራቱን ነው፣ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ ድንጋይ። ለዛሬ የሚጣለውን ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ ቻርጅ የሚደረገውን ሊቲየም ደግሞ ሴል እለዋለሁ።

መብራት ሲሄድ ከግድግዳ የምንነቅላቸው ባለ እጀታ ፋኖሶች ብዙዎቹ ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አላቸው። ርካሽ ናቸው፣ ሶኬት ላይ እንደተሰኩ እስከዋሉ ድረስም ይሠራሉ። ባዶአቸውን ከተቀመጡ ግን የውስጥ ሳህኖቻቸው ላይ ሰልፌት ይጋገርና ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አይዙም። የካምፕ ዕቃ ደግሞ ከጉዞ ሲመለስ ባዶውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወራት የሚከርም ዕቃ ነው። በባትሪ ከሞቱት አምስት ውስጥ ሦስቱ እነዚህ ነበሩ። ለካምፕ አትግዟቸው።

ድንጋይ የሚበላ ፋኖስ ትልቁ ጥቅሙ ሮቤም ሆነ ጎባ ሱቅ ገብታችሁ ምግቡን ማግኘታችሁ ነው። ባለ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ፋኖስ በጥሩ አልካላይን ብዙ ሌሊት ያበራል። ግን ሦስቱ ብቻ ከ400 ግራም በላይ ይመዝናሉ፣ ብርድ ላይ ይደክማሉ፣ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ርካሹ ዚንክ ካርቦን ደግሞ ፋኖሱ ውስጥ ከተረሳ ፈሳሹን ያወጣና ሞላውን ያዝገዋል። በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው አሁንም የማይናቅ ምርጫ ነው፤ ስትመለሱ ድንጋዩን ማውጣት ብቻ አትርሱ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ሊቲየም ነው፤ ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሴሉ ይወጣል ወይስ ውስጥ ተበይዷል የሚለው ነው። ተራ ሊቲየም አዮን ሴል ከጥቂት መቶ ዙር ቻርጅ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። የተበየደበት ፋኖስ ያን ቀን ቆሻሻ ይሆናል፤ የሚወጣበት ፋኖስ ያን ቀን አዲስ ሴል ይገዛለታል። ለእኔ ይህ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ምርጫ ይወስናል። ከሚወጡት ውስጥ የተለመደው 18650 የሚባለው ነው፤ ስሙ መጠኑ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥም የሚወጣው እሱ ስለሆነ ጥገና ቤቶች ያውቁታል።

ሴል ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የዚህ መጠን ጥሩ ሴል የመያዝ አቅሙ 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ላይ ያበቃል። ላዩ ላይ 9900 የተጻፈበት ካያችሁ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ካስፈለገ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ እውነተኛው 45 ግራም አካባቢ ነው፣ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲይዙት እንኳ ይቀላል። አንዱን ቀድጄ ነበር፤ ቆርቆሮው ውስጥ ትንሽዬ ሴል፣ የቀረው ነጭ ዱቄት።

ሁለተኛው ጥያቄ ሴሎቹ እንዴት ተያይዘዋል ነው። ተከታትለው ቮልቴጃቸው የሚደመርበት ፋኖስ አንዱ ሴል ሲደክም ሌሎቹ እየገፉት ከመጠን በታች ያወርዱታል። ጎን ለጎን የተያያዙበት ግን በአንድ ሴልም በአራትም ይሠራል። የእጅ መብራት ወዳጆች ተመካክረው የነደፉትና ሶፊርን የተባለው የቻይና አምራች ያመረተው ኤልቲ1 ፋኖስ እንዲህ ነው፤ ከአንድ እስከ አራት 18650 ይበላል። እኛም ይህን ሐሳብ ያለ ሐፍረት ወሰድን። አንድ ግዴታ ግን አለው፦ አብረው የሚገቡ ሴሎች ቮልቴጃቸው የተቀራረበ መሆን አለበት። ሙሉና ባዶ ሴል አንድ ላይ ካስገባችሁ ሙሉው ወደ ባዶው በኃይል ይፈስሳል፣ ይግላል። ሁሉንም በአንድነት ሞልታችሁ አስገቡ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ሴል በ3.6 ቮልት ሲባዛ 10.8 ዋት ሰዓት ነው፤ አራቱ 43። በደህና የተሠራ ፋኖስ ኪሳራው ሁሉ ተቀንሶ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል። አምስት ስድስት ሰው ለሚከብበው እራት 150 ሉመን ይበቃል፣ ማለትም 1.5 ዋት። ስለዚህ ከ25 ሰዓት በላይ፤ በቀን አምስት ሰዓት ብታበሩ አምስት ሌሊት። የእኛ የባሌ ጉዞ አምስት ሌሊት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሴል ለፈረሱ ሸክም ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሴሉ ዓይነት ነው፤ መልሱ በምትወጡበት አገር ይወሰናል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሁለት ሺህ ዙርና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ሙቀት ይችላል፣ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም። በዚያው ክብደት የሚይዘው ኃይል ግን ከተራው ሊቲየም አዮን ግማሽ ገደማ ነው፤ ብርድ ላይም ይበልጥ ይለግማል። አፋር ወርዳችሁ ኤርታሌ የምታድሩ፣ ፋኖሱም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚጠብሰው መኪና ውስጥ የሚውል ከሆነ እሱን ውሰዱ። ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ ብቻ ለሚፈልገውም ይኸው ይሻላል፣ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ።

ሳነቴ ግን ሌላ ነው። አምባው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ አናቱ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር፤ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። በመጀመሪያው ሌሊት ደጅ ያደረ ፋኖሳችን ሊነጋጋ ሲል ጠፋ። ቀኑን ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ ሴሉ አላለቀም ነበር፣ በርዶት ነበር። እዚህ ተራው ሊቲየም አዮን ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሌሊት ሴሎቹን አውጥቶ መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዞ ማደር ነው። ደግሞ በፍጹም የማይደረግ አንድ ነገር አለ። በረዶ የሆነ ሴል ቻርጅ አይደረግም። ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ቦታው መግባት ያቅተውና እንደ ብረት ይለበጣል፣ አቅሙ አይመለስም፣ ውስጡም የእሳት አደጋ ይቀመጣል። ጠዋት በፓወር ባንክ «ቶሎ ልሙላው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ መጀመሪያ ሴሉ ብብቱ ስር ይሙቅ።

ሴል ከውጭ በዘመድ ለምታስመጡ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ለብቻው ያለ ትርፍ ሊቲየም ሴል በሻንጣ አይጫንም፣ በእጅ ቦርሳ ነው፣ ጫፎቹ ተሸፍነው። ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ኤርፖርት ላይ ያስቀሩታል፣ የእናንተም ሴል እዚያው ይቀራል።

ቻርጅ፦ አንድ ቀዳዳ፣ ብዙ መዘዝ

የቀጭኑ አሮጌ ማይክሮ ዩኤስቢ ዘመን አልፏል፤ አዲስ ፋኖስ በእሱ ከመጣ ተዉት። ዩኤስቢ ሲ ያለውም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። መሰኪያው አጠገብ እያንዳንዳቸው 5.1 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች መኖር አለባቸው፤ ቻርጀሩ «እዚህ ኃይል የሚፈልግ አለ» ብሎ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ሳንቲም የማያወጡ ናቸው፣ አንዳንድ አምራች ግን እነሱንም ይቆጥባል። ውጤቱ፦ ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ስትሰኩት ፋኖሱ ሞቶ ይቀራል፣ በአሮጌው ሰፊ መሰኪያ ገመድ ግን ይሞላል። ጓደኛዬ «ተበላሸ» ብሎ የሰጠኝ አንዱ ፋኖስ ይኸው ብቻ ነበር ችግሩ። (ካርቶኑ ውስጥ አልቆጠርኩትም፣ አሁን ወጥ ቤታችን ውስጥ ያበራል።)

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ግን በእውነት የሞቱ ናቸው፤ ሁለቱ መሰኪያቸው ከሰሌዳው ተነቅሏል፣ አንዱ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የዝገቱ ምክንያት የጎማ ክዳኑ ነው። አይፒ 67 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) ተብሎ የተጻፈበት ፋኖስ ውሃ አያስገባም የሚባለው ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ነው፤ ያቺ ምላስ የምታህል ጎማ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ትቆረጣለች። ሐረና ጫካ ውስጥ ጉሙ ራሱ ያረጥባል፣ መዝነብ አያስፈልገውም።

ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረብን። አንደኛው ሁሉን በማጣበቂያ አሽጎ አይፒ 67 ማድረስ ነው፤ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል፣ ግን ሲበላሽ አይከፈትም። ሁለተኛው በብሎን መዝጋት፣ መገጣጠሚያው ላይ ሲሊኮን ቅባት የተቀባ የጎማ ቀለበት ማድረግ፣ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን በሚችለው አይፒኤክስ 4 መርካት ነው። በቡድናችን ብዙ አከራከረ። ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚወጡት ሁለቱ የመጀመሪያውን ፈለጉ፣ ትክክልም ናቸው፣ ለእነሱ። እኛ ሌሎቹ ፋኖስ ውሃ ውስጥ ጥለን አናውቅም፤ ሰብረን ግን እናውቃለን። ብሎኑን መረጥን። መሰኪያውንም ከዋናው ሰሌዳ ነጥለን ለብቻው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አደረግነው፤ ሲነቀል በሁለት ብሎን እሱ ብቻ ይቀየራል።

ክፍል ገዝታችሁ ለምትገጣጥሙ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቲፒ4056 የምትባለው ርካሽ የቻርጅ ቺፕ 4.2 ቮልት ድረስ ትሞላለች። ለተራ ሊቲየም አዮን ልክ ነው፤ ለሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን ጣሪያው 3.65 ስለሆነ ከመጠን በላይ ሞልታ ታበላሸዋለች።

ስለ ፀሐይ ባጭሩ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ፋኖስ ያጓጓል፤ ግን በዚያ ስፋት ላይ የሚገባው ሰሌዳ አንድ ዋት ቢደርስ ነው። በጥሩ ፀሐይ ቀን አራት አምስት ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ የእኛን 43 ለመሙላት ከሳምንት በላይ ደጅ መዋል አለበት፤ በዚያ ላይ ሴሉን አብሮ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ፀሐይ ከፈለጋችሁ ለብቻው የሆነ የ5 ወይም የ10 ዋት ሰሌዳ ግዙና ፈረሱ ጀርባ ላይ ዘርጉት፤ ፋኖሱ ጥላ ስር ይዋል። በእጅ እየዘወሩ የሚሞሉትን ለልጆች መጫወቻ ተዉት።

ማብሪያ፦ የበርበሬ እጅ ፈተና

ወጥ ሠሪያችን ደማቁን ፋኖስ ለምን እንዳለፈው ኋላ ገባን። ያኛው ማብሪያው አንድ ቁልፍ ነው፤ አንዴ ሲጫኑት ደማቅ፣ ሁለቴ መካከለኛ፣ ሦስቴ ደብዛዛ፣ አራቴ ብልጭ ድርግም፣ አምስቴ የድረሱልኝ ምልክት፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። ሽንኩርት እያቁላላ በጣቱ ላይ በርበሬ ያለ ሰው ለማጥፋት አምስቴ ይጫንና መሐል ላይ ድንኳኑ ሁሉ እንደ ምሽት ክበብ ብልጭ ድርግም ይላል። የመረጠው ግን የሚዞር ቁልፍ ነበረው፤ በክርኑ ገፋ አድርጎ ያበራው ነበር።

የሚዞረው ቁልፍ ይሻላል ወይ? ለእጅ አዎ፤ ለውሃና ለአቧራ ግን ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ ደካማ ጎን ነው። አንዴ ሲጫኑት የሚበራና የሚጠፋ፣ ይዘው ሲያቆዩት ብርሃኑ የሚጨምርና የሚቀንስ ትልቅ የጎማ ቁልፍ መካከለኛው መንገድ ነው። እኛ እሱን ወሰድን፤ ብልጭ ድርግሙን ሙሉ በሙሉ አወጣነው።

ሁለት የማይታዩ ነገሮችም አሉ። በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የሚሠራ ፋኖስ ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይጠጣል፣ ቦርሳ ውስጥም ተጭኖ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ሩብ ዙር ስታላሉት ኃይሉ በአካል የሚቋረጥበትን ምረጡ። ሁለተኛው፣ ሴሉ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ርካሾቹ ላይ የመከላከያ ቺፑ 2.5 ቮልት ገደማ ላይ ድንገት ይቆርጣል፤ ድርግም፣ ጨለማ፣ ያውም ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ። ጥሩው በደረጃ እየቀነሰ ያስጠነቅቃችኋል።

አካልና ማንጠልጠያ

ተራው ኤቢኤስ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ብርድ ላይ ሲወድቅ ግን ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት ይታገሳል፤ ፀሐይ እንዳያበጫው መከላከያ የገባበት ይሁን። አሉሚኒየም ሙቀት ያወጣል፣ ዕድሜ አለው፣ ጠዋት ግን በባዶ እጅ ሲይዙት ያቃጥላል፣ በብርድ። ታጥፈው የሚዘረጉት የሲሊኮን ፋኖሶች ለቦርሳ ምቹ ናቸው፤ ፈረስ ላይ ለሚጫን ዕቃ ግን እጥፋቱ ቶሎ ይቀደዳል። እኛ ናሙናውን ስንሠራ ብርሃን ማለስለሻ ያደረግነው የፕላስቲክ የማር ዕቃ ነው፣ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን። እስካሁን አልተሰበረም፣ ትንሽ ማር ማር ይሸታል። በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ ለምታሳትሙ፦ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ መኪና ውስጥ ተጣሞ ታገኙታላችሁ።

ማንጠልጠያው ብረት ይሁን፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽቦ፤ ፈረሰኛው እንዳሳየን ደግሞ ገመድ የሚያሾልክ ስፋት ይኑረው። ከታችም አንድ ቀለበት ቢኖር ተገልብጦ ይሰቀላል፤ እንዲያ ሲሰቀል የፋኖሱ የራሱ ጥላ ወደ ድስቱ አይወድቅም። ቀለሙ ብርቱካናማ ይሁን። ጥቁር ፋኖስ ያምራል፣ ንጋት ላይ ድንኳን ሲነቀል ሣር ውስጥ ይረሳል።

ብርሃኑ፣ በመጨረሻ

ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ቢጫ ፎስፈር ተለብጦ ነው ነጭ የሚመስለው። ርካሹ ላይ ሰማያዊው ይበዛል፤ 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚባለው ነው፣ ሥጋው ግራጫ፣ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል። 2700 ኬልቪን የድሮውን የጋዝ ፋኖስ ይመስላል፣ ለጨዋታ እሱ ነው፤ ነፍሳትም ወደ ሰማያዊው ይበልጥ ስለሚሮጡ ወደ ወጡ የሚገባው ትንኝ ይቀንሳል። ለወጥ ሠሪውና ቁስል ለሚያጥብ ሰው 4000 ይሻላል። ኤልቲ1 ሁለቱን ዓይነት ኤልኢዲ ይዞ ከ2700 እስከ 5000 ያቀላቅላል፤ ውድ ያደርገዋል፣ ግን ከታየ በኋላ ወደ አንድ ቀለም መመለስ ይከብዳል።

ሲአርአይ የሚባለውን ቁጥርም ፈልጉ፤ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ ነው፣ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን። የስጋውን እውነተኛ ቀለም የሚያሳያችሁ እሱ እንጂ ሉመኑ አይደለም። የብርሃኑ ጣሪያም 500 ሉመን ይበቃል። ይልቅ ወለሉን ጠይቁ፤ ከ5 ሉመን በታች መውረድ ካልቻለ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ስታበሩት ጎረቤት ሁሉ ይነቃል፣ ጨለማ የለመደው ዓይናችሁም እንደገና እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ

ይህን ሁሉ ባለሱቅ አትጠይቁም፣ እሱም አያውቀው። ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱም ጫፉ ሲ የሆነ፤ ከፓወር ባንካችሁ ጋር አገናኙና የቻርጅ መብራቷ መብራቷን እዩ። ፋኖሱን ደብዛዛ አድርጋችሁ በስልክ ካሜራ ተመልከቱት፤ ጥቁር ጥቁር መስመር ከሮጠበት ብርሃኑ እየተቆራረጠ ነው የሚደበዝዘው፣ ዓይን ያደክማል። ነቅንቁት፣ ውስጡ ምንም መንኳኳት የለበትም። ገልብጣችሁ ብሎን ፈልጉ። ብሎን ከሌለ ሴሉን መቼም አታዩትም ማለት ነው። ማንጠልጠያውን በሁለት ጣት ወደ ጎን ግፉት፤ ባለሱቁ ከተቆጣ እሱም ሳይሰበር እንደማይቀር ያውቃል።

እኛ ከብዙ ክርክር በኋላ ስምንቱን ገዛን፣ አሥራ ሁለቱን ልንገጣጥም ተስማማን። ከማር ዕቃ የተሠራውን ሦስተኛ ናሙና ግን ዲንሾ ትተነዋል፤ ገመድ ያሾለከው ፈረሰኛ ክረምቱን እንዲይዘው ለመንነው። እንዲጠቀምበት ብቻ እንጂ እንዲጠነቀቅለት አላልንም። ከሦስት ሳምንት በፊት አስጎብኚው ፎቶ ላከልኝ፦ ፋኖሱ ጋጥ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የታችኛው ቀለበት ላይ አዲስ ገመድ ታስሯል፣ የማብሪያው ጎማ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በሚስማር ጭረት አድርጎበታል፣ በጨለማ በጣት እንዲገኝ። አሥራ ሁለቱ ላይ ያቺን ጭረት እያስገባሁ ነው።